ሻምበል አበበ ቢቂላና በመንገድ ዳር ያደረባት ሌሊት

የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያስቸግራል። ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን እንኳ በባዶ እግሩ ሮጦ የሮምን ሕዝብ ያስደነቀ ሰው እንደ ነበረን ያውቃል። በየሰፈሩ ጧት ጧት በአስፋልት ዳር የሚሮጡ ወጣቶች ሁሉ፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ እሱ በከፈተው መንገድ ላይ ናቸው። የሮምና የቶኪዮ ወሬ የተነሣ እንደ ሆነ ጨዋታው ሳያልቅ ይመሻል።

ዳሩ ግን ይህ የምናወራው የሕይወቱን ግማሽ ነው። ስለ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። በዚያች ሌሊት፣ በረዥም ርቀት ሩጫ አቻ አልነበረውም የተባለለት ሰው፣ በተገለበጠ መኪና ውስጥ ተይዞ የመንገደኛ እጅ ሲጠብቅ ዐደረ። ይህ ጽሑፍ የአበበን ታሪክ ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ በአጭሩ ያወሳል፤ ከዚያም ያች ሌሊት፣ ሰው ዐይኑ ፊት ወድቆ ላገኘ ሁሉ ምን እንደምታስተምር ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። በዚያው ዕለት በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት አልፎት ጥቂት ወር እንደ ቈየ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ። ቤተ ሰቡም ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደምትባል ራቅ ያለች ስፍራ ተሰደደ። ክፉው ዘመን ካለፈ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እንደ ጥንቱ በእርሻ ይኖሩ ጀመር።

አበበም እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ አደገ። ከልጅነት ጨዋታዎቹ አንዱ ገና ነበረ። የገና ጨዋታ በከተማ እንደምናየው ባጠረ ሜዳ ላይ የሚደረግ አይደለም፤ በገጠሩ ግብና ግቡ አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትር ይራራቃል። ሩሯን ተከትሎ ከጧት እስከ ማታ ገደልና ሜዳ ሳይለይ ሲሮጥ የሚውል ልጅ፣ ማራቶን የሚባለውን ቃል ሳይሰማ ማራቶንን ተምሮ ያድጋል ማለት ነው።

በ1943 ዓ.ም. ገደማ አበበ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በዓመቱም ገደማ ወታደር ሆኖ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ገባ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኙት እዚያ ነው። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ይመጣና ደግሞ ተመልሶ ይሄድ ነበር። ለሌላው ሰው የአንድ ቀን መንገድ የሆነው ለእሱ የዘወትር ልምምዱ ነበረ።

ሮምና ቶኪዮ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የእንቍጣጣሽ ዋዜማ ነበረ። በአገሩ በየደጁ ችቦ በሚበራበት በዚያ ምሽት አበበ በሮም ከተማ ለማራቶን ተሰለፈ። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቈረጠ። ሩጫው የተደረገው በመሸ ጊዜ ስለ ሆነ፣ እዚያም በጥንታዊው መንገድ ዳርና ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር።

የሞሮኮው ራህዲ ቤን አብደሰላምና አበበ ሌላውን ሁሉ ትተው ጎን ለጎን ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዱ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ፣ ፋሺስቶች ከአክሱም ዘርፈው በሮም አደባባይ ባቆሙት ሐውልት አጠገብ፣ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፤ በዚያን ጊዜ ግን ገና ምርኮኛ ነበረ። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በቈስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ገባ። ከዚያ በፊት ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የጨረሰ ሰው አልነበረም። ራህዲ የደረሰው ከ25 ሴኮንድ በኋላ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ሩጫው ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በልምምድ ላይ ሳለ ብርቱ ሕመም ያዘው። ሕመሙ የትርፍ አንጀት ነበረ። የትርፍ አንጀት ጊዜ የማይሰጥ በሽታ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቢፈነዳ ኖሮ ማራቶኑ ቀርቶ ሕይወቱም ባላሠጋም አይባልም። ነገር ግን በጊዜ ሐኪም ዘንድ ደርሶ በቀዶ ጥገና ዳነ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ያን ጊዜ ሕመሙ የመጣው ሰው ባለበት በቀን ነው፤ ርዳታውም ፈጥኖ ደረሰ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ቍስሉ ገና በቅጡ ሳይጠና፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው የደረሰው ከ4 ደቂቃ በላይ ቈይቶ ነው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው አበበ ሆነ። ሌሎቹ ሯጮች እየተንገዳገዱ ሲገቡ እሱ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ወደ አገሩም ሲመለስ ማዕረግ ተጨመረለት፤ ከተሸለማቸውም ነገሮች አንዱ ቮልስዋገን መኪና ነበረ።

በሦስተኛው ኦሊምፒኩ ዕድል አልቀናውም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ፣ እግሩ አስቀድሞ ተጎድቶ ስለ ነበረ፣ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ለማቋረጥ ተገደደ። ድሉን ግን ለባዕድ አልሰጠውም፤ የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። በዚህ ጊዜ አበበ የ36 ዓመት ሰው ነበረ፤ ሻምበልም ሆኗል።

ያች ሌሊት

ከሜክሲኮው ሩጫ አምስት ወር በኋላ፣ ለእሑድ አጥቢያ ቅዳሜ ሌሊት፣ አበበ በዚያችው ቮልስዋገን ሲሄድ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። ከፊቱ በፍጥነት ከመጣ መኪና ለማምለጥ ሲል ከመንገዱ እንደ ወጣ እሱ ራሱ ተናግሯል ይባላል። ያም ሆነ ይህ አበበ ከመኪናው መውጣት አልቻለም። የእጅ ስልክ በሌለበት ዘመን፣ በጨለማ፣ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት እስኪነጋ ድረስ እዚያው ቈየ።

አንድ ሯጭ በአንድ ሌሊት ውስጥ ምን ያህል መንገድ ይሄዳል ብለን እናስብ። እሱ ርዳታ ካለበት ቦታ ለመድረስ ጤነኛ ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ 20 ኪሎ ሜትርም ይሁን 40፣ ከቍጥር የሚገባ አልነበረም። አሁን ግን ሦስት እርምጃ እንኳ አልተቻለውም። የዓለም ፈጣን የሆነው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚድነው በራሱ እግር ሳይሆን በሌላ ሰው እጅ ሆነ።

በማግስቱ፣ መጋቢት 14 ቀን፣ ሰዎች ደርሰው ከመኪናው አወጡት፤ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታልም ተወሰደ። የሮምን ድል በሴኮንድ ቈጥረን የምናስታውስ እኛ እነዚህን ሰዎች አናነሣቸውም። ነገር ግን እነሱ አይተው ባይቆሙ ኖሮ የአበበ ታሪክ በዚያች ጧት ባለቀ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የኖራቸው ከአራት ዓመት በላይ የሆኑ ዘመናትም ባልኖሩ ነበር። በእኔ አስተያየት መንገደኛው ቆሞ ሲያይ የሚያደርገው የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው፤ መቆም።

ሐኪሞቹ ሲመረምሩት ጉዳቱ በአንገቱ ላይ ሆኖ ተገኘ። ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ ሁሉ ሽባ ሆኗል።

ነገሩን በደንብ ለመረዳት ስለ አካላችን አንዲት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በአንገትና በጀርባ አጥንት ውስጥ ኅብለ ሰረሰር የሚባል ገመድ መሰል የነርቭ ሐረግ ያልፋል። አእምሮ ለእጅና ለእግር የሚልከው ትእዛዝ፣ እጅና እግርም ወደ አእምሮ የሚልኩት ስሜት የሚተላለፈው በዚህ ሐረግ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ወይም ከቦታው ሲናወጥ ሐረጉ ሊጨፈለቅ ይችላል። የተጨፈለቀውም ክፍል እንደ ቆዳና እንደ አጥንት ተመልሶ አይገጥምም። አንዳንድ ጊዜ ግን አጥንቱ ተሰብሮ ሐረጉ ገና ደኅና ይሆናል። በዚህ ጊዜ ያ ሰው ይሄድ ወይም አይሄድ እንደ ሆነ የሚወሰነው በቀጣዮቹ ጥቂት ደቂቃዎች፣ ባነሡት ሰዎች እጅ ነው። አንዱ ብብቱን ሌላው እግሩን ይዞ ብድግ ሲያደርጉት አንገቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ የተሰበረውም አጥንት እንደ ቢላዋ ሆኖ ሐረጉን ሊቈርጠው ይችላል።

ይህን የምጽፈው አበበን ያወጡትን ሰዎች ለመውቀስ እንዳይመስል። የአበበን አንገት የጎዳው የመኪናው መገልበጥ ነው። የምናገረው ለእኛ፣ ነገ በአንድ መንገድ ዳር ለምንቆመው ነው።

ከወንበር ላይ

መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተላከ። ይህ ሆስፒታል የታወቀው በዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ሥራ ነው። ዶክተር ጉትማን ከናዚዎች ሸሽተው ከጀርመን የወጡ አይሁዳዊ ሐኪም ነበሩ። ከእሳቸው በፊት በነበረው ዘመን ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ከአልጋ ቍስልና ከሽንት መመረዝ የተነሣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞት ነበር፤ ሐኪሞችም ተስፋ ቈርጠው ይተዉት ነበር። እሳቸው ግን በ1936 ዓ.ም. ክፍሉን ሲከፍቱ ሕመምተኛው በየሁለት ሰዓቱ እየተገላበጠ እንዲተኛ አዘዙ። ከዚያም ቀስትና ኳስ በእጁ አስያዙት። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ሕመምተኞችን በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ ቀስት አወዳደሩ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው የተጀመረው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አበበ በሮም ካሸነፈ ከ8 ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ 400 ያህል በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ስፖርተኞች ለውድድር ተሰብስበው ነበር። በቶኪዮም እንዲሁ ከእሱ ድል በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እነሱ በተራቸው መጡ። አበበ በሁለቱም ከተሞች ከፊታቸው ቀድሞ አለፈ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ወንድማቸው ሆኖ ከመካከላቸው ተቀመጠ።

በስቶክ ማንደቪል ስምንት ወር ታከመ። መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር፤ እያደር ግን እጆቹ ታዘዙለት። እግሮቹ ግን እንደ ጠፉ ቀሩ። እጅ ካለ ውድድር አለ ብሎ ተነሣ። በሐምሌ ወር 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጠርቶ ሄዶ ሳለ፣ ተመልካች ሆኖ መቀመጥ አልሆንለት ብሎ፣ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ 16 ሰዎች በተሰለፉበት ውድድር አንደኛ ወጣ። የጃቶ ልጅ በበረዶ አገር በበረዶ ላይ አሸነፈ!

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆነ። የሙኒክ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ በሮም ካሸነፈ ልክ በ12 ዓመቱ መሆኑ ነው። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ በወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያየው ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በ41 ዓመቱ፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ምክንያት በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ዐረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር በወታደር ሥነ ሥርዓት ሲቀበር በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ሸኘው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በቀብሩ ተገኙ፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ዐወጁለት።

እኛስ?

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ የሚጻፈው እንድናደንቃቸው ብቻ ከሆነ ድካም ነው። አበበን በሩጫ የሚመስለው ከመካከላችን ምናልባት አንድ ሰው ይገኝ ይሆናል። እሱን መንገድ ዳር ያገኙትን ሰዎች መምሰል ግን ለሁላችንም የተቈረጠ ዕድል ነው፤ በከተማችን ሰው የማይወድቅበት ቀን የለምና።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በቤቴል ነው። በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ የሚወጣው አውራ ጎዳና ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሚኒባሱ፣ የጭነት መኪናው፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ሕፃን፣ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። ሰው በተገጨ ጊዜ በዙሪያው የሚቆመውን ሕዝብ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ፤ በሦስት ዓይነት የሚከፈል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንደኛው፣ ምስክር ሆኜ ጣቢያ ስመላለስ ልከርም ነው ብሎ ዘወር የሚለው ነው። ሁለተኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ግራፍ የሚያነሣው ነው። ሦስተኛው ልበ መልካሙ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚያሠጋው እሱ ነው። እየጮኸ ይሮጣል፤ የወደቀውን ሰው በብብቱ ይጎትታል፤ ውሃ በአፉ ያፈስለታል፤ ታክሲ አስቁሞ በኋላ ወንበር ላይ እንደ ጆንያ አጥፎ ይጭነዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ጠላት ነው፤ በወደቀ ሰው ላይ ግን የወዳጅም እጅ ሲበዛበት አይተናል።

ለመጀመሪያው ሰው መልሱ ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 575፣ በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊረዳ ሲችል ሕይወቱ በአስጊ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ሳይረዳ የሚተወውን ይቀጣል። ስለዚህ መርዳት ችሮታ ብቻ አይደለም፤ ግዴታም ነው። ለሁለተኛው ሰው፣ ያው በእጁ የያዘው ስልክ ከፎቶ ግራፍ ይልቅ ለጥሪ እንደሚበጅ መንገር ይበቃል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው።

ከሦስተኛው፣ ከልበ መልካሙ ጋር ግን ጥቂት እንነጋገር። ማድረግ የሚገባው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ራሱን ይጠብቅ። የሚመጡትን መኪናዎች የሚያስቆም ሰው በሁለቱም በኩል ያቁም። የተገለበጠውን መኪና ሞተር ያጥፋ፤ ቤንዚን ፈስሶ ይሆናልና ሲጋራ የያዘውን ያርቅ።

ሁለተኛ፣ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ለማውጣት አይቸኵል። እሳት ከተነሣ፣ ወይም ሰውየው መተንፈስ ካቃተው ይውጣ፤ ለሕይወት የሚያሠጋ ነገር ከሌለ ግን አምቡላንስ እስኪመጣ ባለበት ይቈይ። አንድ ሰው ከራሱ በኩል ሆኖ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይዞ እንዳይነቃነቅ ያጽናው። በእርጋታ ያነጋግረው፤ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ይችል እንደ ሆነ ይጠይቀው፤ አንገቱን እንዳያዞር ይንገረው።

ሦስተኛ፣ ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ቢሆን፣ በቍስሉ ላይ አጥብቆ ይጫን፤ ደሙ እስኪቆም እጁን አያንሣ። በእጁ ላይ ጓንት፣ ከጠፋም ፌስታል ያጥልቅ። ቡና ወይም አፈር በቍስል ላይ መነስነስ ለበሽታ በር መክፈት ነው።

አራተኛ፣ ትንፋሹን ይመልከት። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነና ካስመለሰው፣ ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ መስመር ላይ እንዳሉ፣ እንደ ግንድ ባንድነት ወደ ጎን ይገልብጡት። ትንፋሹ ከቆመ ግን ከአንገት ይልቅ ሕይወት ይቀድማል፤ በጀርባው አስተኝቶ በደረቱ መካከል ሁለት እጁን ደራርቦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫን፤ ርዳታ እስኪመጣ ድረስም አያቋርጥ።

አምስተኛ፣ ምንም እንዳያጠጣው፤ ጋቢ ወይም ኮት ያልብሰው። አምቡላንስ ጨርሶ የማይመጣ ሆኖ መጓጓዝ ግድ ከሆነ፣ በጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም በተነቀለ በር ላይ አስተኝቶ በጭነት መኪና ይውሰደው እንጂ በታክሲ ወንበር ላይ አያጥፈው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የገጠር ወገኖቻችን ሕመምተኛን በቃሬዛ ሲሸከሙ ተሸካሚዎቹ እኩል ያነሣሉ፣ እኩል ያወርዳሉ፣ እርምጃቸውን ያስማማሉ። መኪና ከመጣ ወዲህ ቸኵለን ቃሬዛውን ጣልነው፤ ከቃሬዛው ጋርም የመስማማቱን ልማድ ጣልነው።

አንዳንድ ሰው ይህ የሕክምና ፋኩልቲ ተማሪዎች ጕዳይ ነው፣ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ የሚያጠና ሰውን ምን አገባው ይል ይሆናል። ነገር ግን በአበበ ላይ የደረሰውን እናስታውስ። ዶክተር ጉትማን የሚያህሉ ሰው የገነቡት ሆስፒታል የነበረው በሺሕ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ በመጀመሪያው ጧት በአጠገቡ የተገኘው መንገደኛ ነበረ። አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚገኘው ሐኪሙ ሳይሆን በአጋጣሚ በዚያ የሚያልፈው ሰው ነው፤ አላፊው ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ሊሆን ይችላል።

ከላይ የጻፍኩት ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀላል። ሰው በደም ተነክሮ ፊታችን ሲወድቅ ግን እጃችን የሚታዘዘው ያነበብነውን ሳይሆን የተለማመድነውን ነው። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የቆመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ያስተምራል። የተማሪዎች ማኅበራችን ከእነሱ አሠልጣኝ ጠይቆ በየሴሚስተሩ ጥቂት ቅዳሜዎችን ለዚህ ቢመድብ ወጪው ትንሽ ነው። ለጭፈራና ለስፖርት ውድድር አዳራሽና ሜዳ የሚያገኝ ማኅበር ለዚህ አንድ ክፍል አያጣም።

አንገቱ የተጎዳን ሰው በሥርዓቱ ለመገልበጥ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ራሱን ይይዛል፣ ሦስቱ ጎኑን። ከቤቴልና ከአየር ጤና፣ ከኮልፌና ከወይራ ሰፈር እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች ከአራት በላይ እንሆናለን። ሌላውም ሰፈር እንዲሁ ነው። እንግዲህ ከየሰፈሩ አራት አራት ሰው እንዲመዘገብ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዚህ ጽሑፍ አቤት እላለሁ፤ ከቤቴል አንደኛውን ስም እኔ ሰጥቻለሁ፣ የሚጎድሉት ሦስት ናቸው።